ለዶክተር ቱሳ የመጡ ደብዳቤዎች

ስለ ጉቱ ቱሳ የምነግረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ያ ትራክተር ጠጋኙ?» ነው። አዎ፣ እሱው ነው። አሁን ሥራው ያ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሲፈታና ሲገጥም ይውላል፤ እጁ ከዘይት ስለማይላቀቅ ሰላም ሲሉት ክርኑን ነው የሚሰጠው። ይህ ሰው ህንድ አገር ድረስ ስሙ በመጽሔት የታተመ መሆኑን የሚያውቅ አሰላ ውስጥ አምስት ሰው ቢገኝ ነው። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነኝ፤ ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

የሺሃረግ እባላለሁ። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ በእርሻ መሥሪያ ቤታችን የሰነድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የሰነድ ክፍል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሦስት መደርደሪያ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት። የጭላሎ ብርድ በዚያ መስኮት ገብቶ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ አብረን እንሠራለን። እኔ የሚጻፈውን እጽፋለሁ፣ የሚቀመጠውን አስቀምጣለሁ፣ ሰኞና ዓርብ ከፖስታ ቤት የሚመጣውን ከረጢት ፈትቼ ደብዳቤውን ለየባለቤቱ አድላለሁ። ባለቤት የሌለውን ማኅተም መትቼ ለላኪው እመልሳለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው በዚህች ማኅተም ነው ብል ውሸት የለበትም።

ጉቱ የበቆጂ ወገን ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የገብስ አገር። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳና ሞተር ተምሮ እኛ ዘንድ ሲቀጠር የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው። አንዳንድ ሰው ዝም ሲል ያኮረፈ ይመስላል፤ ጉቱ ዝም ሲል ግን ዝም ያለ ብቻ ነው የሚመስለው። እኔ ወሬኛ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል። «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ለጋራዥ አስረከብክ እንዴ?» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ያልፋል።

መጀመሪያ የሠራው በእግር የሚዘወር የገብስ መውቂያ ነው። የበቆጂን አዝመራ የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል። እዚያ ገብሱ ደርሶ አውድማ ሲወጣ ዝናቡ ገና አልሄደም፤ በሬ ሲያበራዩበት ግማሹ እህል ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ጉቱ መውቂያውን ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር አስገባው። ሁለት ሰው ይዘውረዋል፣ ጭራው ይሰበራል፣ ገብሱ ይወርዳል። በቃ። የዚያን ጊዜ አለቃው የነበረው ፈረንጅ ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየና «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ፣ የሚጻፈውም በአንተ ስም ብቻ ነው» አለው። እግዜር ይስጠው፣ ጨዋ ሰው ነበር። እንግሊዝኛውን አቃናለት፣ ሥዕሉን አሣሣለለት፣ ጽሑፉን ለውጭ አገር መጽሔት ላከለት።

የኮሶው ነገር የመጣው ከዚያው ከመውቂያው ነው። ለሙከራ በቆጂ ያስቀመጠውን ማሽን የሰፈሩ ሴቶች የኮሶ አበባ ይወቁበት ጀመር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ትሉን ከማስወጣቱ በፊት ሰውየውን ሊያስወጣው ይደርሳል። ታዲያ ሴቶቹ «የአንተ ማሽን የወቃው ኮሶ ግማሹ ይበቃል፣ አያስመልስምም» አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ብሎ ያልፋል። ጉቱ ግን ለምን ብሎ ያዘው። ጣሪያ ሥር የደረቀውና ፀሐይ ላይ የደረቀው ለየቅል መሆኑን ደረሰበት። ስልሳ በግ ለምኖ አስፈቀደ፤ ከፋፍሎ፣ መዝኖ፣ ለየትኛው ምን ያህል እንደሚበቃ ሁለት ዓመት ሙሉ የበግ በጠጥ በማጉያ መነጽር ሲያይ ኖረ። መውቂያውንም ለኮሶው እንዲሆን አድርጎ እንደገና ሠራው። ፈረንጁ «አንተ የብረት ሰው ነህ የመድኃኒት?» ብሎ ሲስቅበት፣ ጉቱ «ትሉ የማን ክፍል ነህ ብሎ አይጠይቀኝም» አለው። ይህ የሰማሁት ረጅሙ ቀልዱ ነው።

ያም ተጽፎ ታተመ። ወዲያው ፈረንጁ ጊዜው አልቆ አገሩ ገባ። ይህ በ1963 ነው።

ከዚያ በኋላ ጉቱ ዓርብ ዓርብ መስጊድ ሲሄድ በእኔ መስኮት ማለፍ ጀመረ። «እትዬ የሺ፣ ከውጭ ለእኔ የመጣ ነገር የለም?» ይለኛል። ፈረንጁ ሲሄድ «ጽሑፍህን ያነበቡ ሰዎች ይጽፉልሃል፣ ቅጂ ላክልን ይሉሃል፣ በሚጽፉትም ላይ ስምህን ይጠቅሱሃል፤ ሰው ሥራው የሚታወቀው እንዲያ ነው» ብሎት ነበር። እኔም ከረጢቱን አይቼ «የለም» እለዋለሁ። እሱም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ዓርብ መጣ፣ የለም። ዓርብ መጣ፣ የለም። አንድ ዓመት አይደለም፣ ሁለት ዓመት አይደለም። በ1965 አጋማሽ መምጣቱን ተወው። በጎቹንም መለሰ። ሌላ ሦስተኛ ጽሑፍ ጀምሮ ነበር፤ እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቀው «ማንም ለማያነበው ነገር በግ ማስጨነቅ ምን ይሠራል?» አለኝ። አዘንኩለት። እግዜር ያውቃል፣ ከልቤ ነው ያዘንኩለት።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

በእነዚያ ዓመታት ከረጢቱ ውስጥ አንዳንድ ካርድ ይመጣ ነበር። ትንንሽ የፖስታ ካርድ፣ ከህንድ፣ ከብራዚል፣ ከፖላንድ፣ ከማላውቀው አገር። ሁሉም «ለዶክተር ቱሳ» የሚል ነው። ዶክተር ቱሳ! እኛ ዘንድ የነበሩት ዶክተሮች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ፈረንጆች። የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን ጠየቅሁ። ሰውየው የስም ዝርዝሩን ተ ላይ ከፍቶ «ቱሳ የሚባል ሠራተኛ የለንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጉቱ ያለው ገ ላይ ነው። እኔም ማኅተሜን አነሳሁ፣ «ተቀባዩ አይታወቅም» አልኩ፣ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፣ መለስኩ።

ታዲያ ጉቱ የቱሳ ልጅ መሆኑን አታውቂም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ እንጂ! ደመወዙ ላይ፣ ፈቃዱ ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ። ግን ማን ነው ሰውን በአባቱ ስም የሚጠራ? እኔን መንገድ ላይ «አበጋዝ!» ብሎ የአባቴን ስም የሚጣራ ቢመጣ ዞር ብዬም አላይ። ቱሳ ማለት ለእኔ በቆጂ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ዶክተር የሚለው ደግሞ ጭራሽ አሳሳተኝ፤ ዘይት የነካው ቱታ ለብሶ የሚዞረውን ሰውዬ ዶክተር ብሎ ማን ያስባል? ፈረንጅ የአባትን ስም እንደ ዋና ስም እንደሚይዝ፣ መጽሔት ላይ የጻፈን ሁሉ ዶክተር እንደሚል ማን ነገረኝ? ይህን ሁሉ የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት ነው፤ አልወጣልኝም እንጂ።

በጥር 1966 ከአዲስ አበባ ሰርኩላር መጣ። ከሐምሌ ጀምሮ ዲግሪ የሌለው ሰው የምርምር ሥራ አይሠራም፤ ወደ ተቀጠረበት ሙያ ይመለሳል። ሆኖም የታተመ ሥራ ላለው ለአንድ ሰው ውጭ አገር ሦስት ዓመት የመማር ዕድል ይሰጣል። ማመልከቻው ላይ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ የጽሑፎቹ ዝርዝር፣ እንዲሁም ሌሎች ሰዎች በሥራው መጠቀማቸውን ወይም መጥቀሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ። ያመለከቱት ሁለት ናቸው። ጉቱና አቶ አበጋዝ የሚባል የዘር ክፍል ሠራተኛ። የአባቴ ሞክሼ ነው፣ ዘመዴ አይደለም።

አበጋዝ ክፉ ሰው አይደለም። ስለ ስንዴ አዘራር ሁለት ቀጫጭን ጽሑፍ አለው፤ ደብዳቤ መጻፍ ስለሚወድ ከውጭ አራት የምስጋና ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። የጉቱ ጽሑፎች በክብደትም በቁም ነገርም ይበልጣሉ፤ ይህን አበጋዝ ራሱ ይናገራል። ማስረጃ በሚለው ቦታ ግን ጉቱ ያለው ባዶ መስመር ነው። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ሞልቷል፤ ይህ ካመለጠው ሁለተኛ አይመጣም። ወይ መማር፣ ወይ ጋራዥ።

የመራጩ ኮሚቴ ስብሰባ ረቡዕ ነው ተባለ። ሰኞ ከረጢቱ መጣ።

ከረጢቱ ውስጥ ለአንድ ሰው ያልተጻፈ፣ «ለሰነድ ክፍል» የሚል ወፍራም ፖስታ አገኘሁ። ለእኔ ማለት ነው። ለእኔ ከውጭ አገር ደብዳቤ መጥቶ አያውቅም፤ ደስ እያለኝ ቀደድኩት። ከህንድ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ በአንድ አነበብኩት። «በሟቹ ዶክተር ቱሳ ኀዘን ተካፋዮች ነን» ይላል። «አራት ጊዜ ብንጽፍላቸው ደብዳቤያችን አይታወቁም ተብሎ ተመለሰ፤ ስለዚህ በሕይወት እንደሌሉ ተረዳን። የእህል መውቂያቸውንና የኮሶ መጠናቸውን ተከትለን የሠራነውን ጽሑፍ ልከናል፤ ለቤተሰባቸው ቢደርስልን እንወዳለን።» ከሥሩ የታተመ ጽሑፍ አለ። ገለጥኩት። ቱሳ፣ ቱሳ፣ ቱሳ። ዘጠኝ ቦታ። መውቂያው ተሥሎ፣ የበጎቹ ቁጥር ሳይቀር ተጠቅሶ።

መስኮቱን አሻግሬ አየሁ። ሟቹ ዶክተር ቱሳ ከጋራዡ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል።

ወይ ጉዴ! መዝገቤን አወጣሁ፣ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት። በሦስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ ሰባት ካርድና ደብዳቤ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ በገዛ ማኅተሜ። ያን ሁሉ ዓርብ «የለም» እያልኩ የሸኘሁት ሰው ደብዳቤዎች ናቸው።

ያን ጊዜ ብድግ ብዬ ግቢውን አቋርጬ ብሰጠው ኖሮ ሃምሳ እርምጃ ነው። ሃምሳ አይሞላም። አልሄድኩም። ለምን? ፈራሁ። ከእኔ ፊት መዝገብ ቤት የነበረው ሰው አንድ ፋይል ጠፋበት ተብሎ በአንድ ቀን ነው የተባረረው። የእኔ ሠላሳ ሰባት ነው። ልጆቼን አሰብኩ። ነገ እሰጠዋለሁ፣ መጀመሪያ እንዴት እንደምናገር ላስብ አልኩና ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ማክሰኞ እሱ ራሱ መጣ። ዓርብ እንኳ አይደለም። መስኮቱ ላይ ተደግፎ «እትዬ የሺ፣ ነገ ኮሚቴው ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ፤ ከውጭ ምንም የለም?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

አፌ የለመደው ነው የወጣው ብዬ ስንት ጊዜ ለራሴ ነገርኩት መሰላችሁ። አይደለም። ክርኔ መሳቢያው ላይ ነበር።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሐሙስ ጠዋት የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ አለቃችን አቶ ሀብተ ማርያም ወረቀት ይዘው መጡና «ይህን ለአዲስ አበባ ቴሌግራም አዘጋጂልኝ፣ አሁኑኑ ይሂድ» አሉኝ። የተመረጠው አቶ አበጋዝ መሆኑን የሚገልጽ ሁለት መስመር ነው። ጻፍኩት። አንድም ፊደል አልሳትኩም። አንዳንድ ቀን እጅ ከሰው ተለይቶ ብቻውን ይሠራል።

ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምንሠራው። ከዚያ በላይ ልይዘው አልቻልኩም፤ እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ፖስታውን ይዤ ጋራዥ ሄድኩና «ይኸው፣ መጣልህ» አልኩት። መቼ መጣ አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ስለ ማኅተሙም ትንፍሽ አላልኩ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ፣ ከዚያ ያዘው። እሱ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ያውቃል። ሲያነብ ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ትራክተሩን አየሁ።

«ዘጠኝ ቦታ» አለ።

«አዎ።»

«አንብበውታል እኮ! እትዬ የሺ፣ አንብበውታል!» ያ ዝምተኛ ሰውዬ እየጮኸ ነው። «ሰኞ ለአቶ ሀብተ ማርያም አሳያለሁ። አሁንም አይዘገይም፣ ይዘገያል?» ቴሌግራሙ መሄዱን አያውቅም ነበር። እኔ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ በቆጂ ገባ፤ ወረቀቱን ለቤተሰቡ አነበበላቸው። ታዲያ እዚያ ሌላ ነገር ተነሣ። ደብዳቤው ላይ «ሟቹ ቱሳ» ነው የሚለው። ቱሳ ደግሞ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ይሰማሉ! ሴቶቹ ሟርት ነው ብለው ጮኹ። ሽማግሌው ግን «በቁሜ ሞቷል የተባልኩበት ቦታ ሄጄ ፊቴን ካላሳየሁ ወሬው እዚያው ያድራል» አሉ። እሑድ በቅሏቸው ላይ ወጥተው ከልጃቸው ጋር መንገድ ጀመሩ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ አሰላ ደረሱ።

አቶ ሀብተ ማርያም ቢሮ ሲገቡ እኔ ደብዳቤ ለማስፈረም እዚያው ነበርኩ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ ነጭ ጥምጥም፣ ከራሳቸው የሚበልጥ ከዘራ። አልተቀመጡም። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፤ ጉቱ ይተረጉማል፣ እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ስለሆነ እሰማለሁ።

«ቱሳ ማለት እኔ ነኝ» አሉ። «ለህንድ ሞቷል ብላችሁ የጻፋችሁት። ይኸው፣ እዩኝ።»

አቶ ሀብተ ማርያም ግራ ገባቸው። ጉቱ ወረቀቱን ዘረጋላቸውና አስረዳቸው። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡና «አይ ጉቱ!» አሉ። «አይ ጉቱ! ቴሌግራሙ ሐሙስ ሄዷል። የአበጋዝ ስም እዚያ ጸድቋል፣ አሁን የሚነካው የለም። ይህ ወረቀት ረቡዕ ጠዋት በእጃችን ቢኖር የምትሄደው አንተ ነበርክ። እኔ ራሴ ነበርኩ የምፈርመው።»

ጉቱ ለአባቱ ተረጎመላቸው። ሁሉንም፣ «ረቡዕ» የሚለውን ሳይቀር። ድምፁ አልተለወጠም።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው «እሺ፣ ያ የእናንተ ጉዳይ ነው። የኔን ጉዳይ ንገሩኝ፤ ማን ነው የገደለኝ?» አሉ።

እኔ ነኝ የተነሣሁት። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኩ። «ደብዳቤዎቹ በእርስዎ ስም ነበር የሚመጡት። የጉቱ መሆናቸውን አላወቅሁም። ሠላሳ ሰባቱን አይታወቅም ብዬ መለስኩ። መዝገቡ አለ፣ ላምጣው።» አቶ ሀብተ ማርያምን እያየሁ ነው የተናገርኩት፤ ትባረር ካሉም እንዲያው ልገላገል ብዬ።

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ሴት ናት የገደለችኝ?» አሉ ለልጃቸው። «ወላሂ፣ ይህን በቆጂ ሄጄ እንዴት ነው የማወራው?» አቶ ሀብተ ማርያም ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታዲያ ነፍስ አጥፍታ ዝም አይባልም፣ ጉማ ትክፈል።» ጉማ በእነሱ ዘንድ ገዳይ ለሟች ወገን የሚክሰው የደም ካሣ ነው፤ እርቅ የሚወርደው በእሱ ነው።

«ምን ልክፈል፣ አባባ?»

«ለዚያ ህንድ ጻፊለት። ቱሳ አለ በይው። በቅሎዋም አለች በይው።»

ሁላችንም ሳቅን። ጉቱም ሳቀ! ወደ እኔ ዞሮ «ተይው እትዬ የሺ፣ እኔስ በአባቴ ስም ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ? ሁላችንም ያው ነን» አለኝ። አቶ ሀብተ ማርያምም መዝገቡን ካዩ በኋላ «ከዛሬ ጀምሮ የሠራተኛው ሁሉ የአባት ስም ዝርዝር ጠረጴዛሽ ላይ ይኑር» ብለው ብቻ ተዉኝ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር ይህችን ታህል ነበረች። ሳቅ ሆኖ አለቀ። ያቺ ልጆቼን ታስርብብኛለች ያልኳት ነገር አንድ ዝርዝር መለጠፍ ሆና አረፈችው።

ሽማግሌው በቅሏቸው ጋ ሲሄዱ ጉቱ በሩ ላይ ከእኔ ጋር ትንሽ ቆመ። ፊቱ ደክሞታል፣ ግን የተረጋጋ ነው። «ምን ይደረጋል» አለኝ። «ለሁለት ቀን ነው። ደብዳቤው ከህንድ እስከዚህ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በዓርብ ከረጢት ደረሰ፤ ከረቡዕ በፊት መድረስ ይችል ነበር። አላህ ያላለው ነው። ሰው ቢወስድብኝ ኖሮ ያንገበግበኝ ነበር። ከእሱ ከሆነ ግን ምን ይባላል?»

እዚያ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ባለፈው ሰኞ የመጣውን ከረጢት የፈታሁት ብቻዬን ነው። ሽማግሌውም ታርቀውኛል፣ አለቃዬም ምረውኛል፣ እሱም ይቅር ብሎኛል። ዕዳ የሌለበት ሰው መስዬ ወደ ቢሮዬ መመለስ እችል ነበር። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምላሴን መያዝ ያልቻልኩ ሴት ነኝ፤ ልይዘው በማይገባኝ ማክሰኞ ብቻ ያዝኩት።

«ጉቱ» አልኩት፣ «ደብዳቤው የመጣው ዓርብ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ባለፈው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ስትጠይቀኝ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።»

አልጮኸም። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ በዚያ ዘይታም እጁ በጥፊ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ቆሞ አየኝ። አባቱ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ጠሩት፣ አልሰማም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ለምን ነገርሽኝ፣ እትዬ የሺ? አላህ ያላለው ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር'ኮ።»